ሰማይ ሲታረስ ማን ይጠየቃል?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ተረቱ የማይሆኑ የተባሉ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። እኔ ግን ንጉሡ ከዙፋናቸው መውረዳቸው ሲነበብላቸው የሰማሁ ትውልድ ነኝና ሁለተኛው እንደሚሆን በወጣትነቴ አወቅሁ። የመጀመሪያው እንደሚሆን ያወቅሁት ደግሞ ካረጀሁ በኋላ፣ በአክስቴ ማሳ ላይ ቆሜ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ሰማዩ ታርሷል። ከብረት ምሰሶ ወደ ብረት ምሰሶ የተዘረጋው ወፍራም ሽቦ፣ ልክ ገበሬ ጥማዱን ይዞ እንዳወጣው ትልም፣ ከአድማስ እስከ አድማስ ተሰምሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር፣ ለአንድ ዘመዳችን ሙት ዓመት ወደ አንኮበር ስሄድ በመንገዴ ላይ ከአክስቴ ዘንድ አደርኩ። እኛ «እቴቴ» ነው የምንላቸው። ቤታቸው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ደጋው አልቆ ገደሉ ሳይጀምር ነው። ገብስ ያርሳሉ፤ ማለት ያሳርሳሉ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የተከሉት ባሕር ዛፍ ነበራቸው። የሰሜን ሸዋን ደጋ የሚያውቅ ሰው ባሕር ዛፍ ለገበሬ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የባንክ ደብተር ነው። ልጅ ሲዳር ይቆረጣል፤ ሰው ሲታመም ይቆረጣል፤ ቤት ሲፈርስ ይቆረጣል። በዚያ ጉብኝቴ ግን ዛፉ የለም። በቦታው ሽቦው ያልፋል።

ማታ በፀሐይ በሚሞላ ትንሽ ፋኖስ ብርሃን እራት ስንበላ ጠየቅኋቸው።

«መጡና፣ ‹እማማ፣ መስመር ሊያልፍ ነው፤ ከሥሩ ዛፍ አይቆምም› አሉኝ» አሉ። «ጨዋ ልጆች ናቸው፤ አልተቆጡኝም። ካሳ አለው አሉ፤ ቢዘገይም ከፍለዋል። ወረቀት አወጡና ‹ፈቃድዎን እዚህ ላይ ይግለጹልን› ብለው አውራ ጣቴን ቀለም አስነከሩኝ። አተምኩላቸው።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ። ‹አልፈቅድም› ብል ኖሮ ምን ይሆን ነበር?»

«ያው ማለፉ አይቀርም ነበር፣ እቴቴ።»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የሚያጽፈኝ ያ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

ለመሆኑ ፈቃድ ምንድን ነው? በቋንቋችን ቃሉ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ከሰው ልብ የሚመነጭ ውዴታ ነው፤ «በገዛ ፈቃዱ» ስንል ማንም ሳያስገድደው ማለታችን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ የንግድ ፈቃድ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ መንጃ ፈቃድ። የመጀመሪያው ከሌለ ሁለተኛው ምን ይሆናል? ውዴታ የወጣለት ወረቀት ይሆናል። አክስቴ ያተሙት ሁለተኛውን ነው፤ የጠየቁኝ ግን ስለ መጀመሪያው ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው ምን ዋጋ አለው? ይህ የሕግ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የኅሊና ጥያቄ ነው።

መስመሩ «ወዴት እንደሚሄድ» ስጠይቃቸው እቴቴ እርግጠኛ አልነበሩም። «ጅቡቲም ይደርሳል አሉ» ብለውኛል። በእርሳቸው ማሳ ላይ ያለው ሽቦ ራሱ ድንበር አይሻገርም። ነገር ግን አልተሳሳቱም። የአገራችን የኤሌክትሪክ መረብ እንደ አንድ ገንዳ ነው፤ ከየግድቡ የሚመነጨው ኃይል እዚያው ይገባል፤ ለቤትም፣ ለፋብሪካም፣ ለጎረቤት አገርም የሚቀዳው ከዚያው ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚገባው መስመር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኃይል ይልካል። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሻገር መስመር አለ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር 2,000 ሜጋ ዋት የመሸከም አቅም ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የንግድ ሽያጭ ጀምሯል። የመጀመሪያው ውል 200 ሜጋ ዋት ነበር። ኩራት ነው። ለዘመናት እርዳታ ተቀባይ ሲባል የኖረ አገር ለጎረቤቱ ብርሃን መሸጡ ማንንም ያስደስታል፤ እኔንም።

እንዲህ ያለ መስመር ድንበር እንዲሻገር የሚፈቅደው ታዲያ ማን ነው? ሕጉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ አየሁት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ ለመላክም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፤ ዛሬ ያንን ሥራ የያዘው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ከጎረቤት አገር ጋር የሚደረገውን ስምምነት አስፈጻሚው አካል ይዋዋላል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል፤ ከጸደቀ በኋላም በአንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል። አበዳሪው ባንክ ይፈቅዳል። ተቀባዩ መንግሥት ይፈቅዳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ መሬቱ ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም መሬቱን የተለቀቀ ሰው ካሳ ይከፈለዋል፤ ቅሬታ ካለውም ያቀርባል።

እንግዲህ አንባቢ ይታዘብ። ፈቃድ ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ባለሥልጣኑ፣ ምክር ቤቱ፣ ባንኩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ይሁን» ብለው ካበቁ በኋላ አክስቴ ዘንድ ይደርሳል። እርሳቸው ዘንድ ሲደርስ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ዜና ሆኗል። የቀረው ጥያቄ «ስንት?» የሚለው ብቻ ነው።

ሕጋችን ይህን ጨርሶ ረስቶታል ብል ግን እዋሻለሁ። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በአካባቢያቸው ላይ በሚደርሱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ረገድ አስተያየታቸው ሊጠየቅ ይገባል ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ም የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዝዛል፤ ጉዳቱ ከአንድ ክልል ወደ ሌላ የሚሻገር ከሆነም በየክልሉ ያሉት ነዋሪዎች እንዲመከሩ ይላል። ቃሉ አለ። የጎደለው የቃሉ ሰዓት ነው። ሰውን መቼ ነው የምንጠይቀው? ካርታው ሳይሰመር ነው ወይስ ከተሰመረ በኋላ? ከተሰመረ በኋላ የሚደረግ ምክክር ምክክር አይባልም፤ መርዶ ነው።

በማግስቱ አንኮበር ገባሁ። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ወደሚገኝበት ኮረብታ ወጥቼ ቁልቁል ተመለከትኩ። ደጋው እዚያ ላይ ያልቃል። ከእግር ሥር አልዩ አምባ፣ ከዚያ ወዲያ ቆላው፣ ከቆላው ወዲያ በጉም የተሸፈነው የአፋር ሜዳ። የከተማዋ ስም ሁለተኛ ክፍል «በር» ነው፤ የመጀመሪያው የአንዲት ሴት ስም ነው ይባላል። እንግዲህ የሴትየዋ በር ማለት ነው። በእርግጥም በር ነበረች። ከባሕር ወደ ሸዋ የሚመጣ ሁሉ በዚህች ጠባብ መተላለፊያ ሥር ቆሞ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ስለ ድንበርና ስለ ፈቃድ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ መቀመጫ አይገኝም።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሲገዙ የውጭ ሰው ያለ ፈቃዳቸው ይህን አቀበት አይወጣም ነበር። በ1833 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የሚባል እንግሊዛዊ መልእክተኛ፣ ከታጁራ ተነሥቶ በግመል በረሃውን አቋርጦ መጣ። ግመል አቀበቱን ስለማይወጣ ጓዙ ሥር ላይ ወረደ። ከዚያም በንጉሡ ትእዛዝ የአገሬው ሰዎች በመቶ እየተቆጠሩ ጓዙን በትከሻቸው ወደ ላይ አወጡት፤ መድፍና ገጸ በረከት ሳይቀር። በ1834 ዓ.ም. ኅዳር ወር ንጉሡና መልእክተኛው የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። የታሪክ መጻሕፍት ንጉሡንና ካፒቴኑን በስም ይጠሩልናል። የተሸከሙትን አይጠሩም። ዛሬ ሽቦውን «ኃይል ተሸካሚ» ብለን መጥራታችን በአጋጣሚ ይሆናል፤ እኔ ግን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር እነዚያ የአልዩ አምባ ተሸካሚዎች ትዝ ይሉኛል። ውሉ ከላይ ይፈረማል፤ ሸክሙ ከታች ይነሣል።

ከዚህ የከፋም አለ። በዚያው ዘመን በዚያው በር ጨውና ጨርቅ ወደ ላይ ሲወጣ ሰው ወደ ታች ይወርድ ነበር። ከአልዩ አምባ አጠገብ የባሪያ ገበያ ነበረ፤ ወደ ባሕር የሚወርደው ነጋዴ ቀረጥ ይከፍላል፤ ኬላው ይከፈታል። ሥርዓቱ ሁሉ የተሟላ ነበር። ፈቃድ ተጠይቋል፤ ፈቃድ ተሰጥቷል፤ ቀረጥ ተከፍሏል። ያልተጠየቀው የሚወሰደው ሰው ብቻ ነው። የሽቦን ነገር ከሰው ሽያጭ ጋር ማነጻጸር አልፈልግም፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ለማለት የፈለግሁት ይህን ብቻ ነው። አንድ ነገር «በፈቃድ ተደርጓል» መባሉ ብቻውን የሚነግረን ምንም የለም። ፈቃዱ የማን እንደሆነ ካልተጠየቀ በስተቀር ቀረጥ የተከፈለበት ግፍም በፈቃድ የተደረገ ነው።

ፈቃድ በላያችን ላይ ሲነገድበት ምን እንደሚሰማ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ ጥቂት ነው። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይችላል» ሲል በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። አንድ ውል፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ፈቃድ። የዚያ ልዩነት ዋጋ ዓድዋ ላይ በደም ተከፈለ። በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንደማይሠሩ ቃል ገቡ። ከመቶ ዓመት በኋላ የተወለደ የጎጃም ልጅ «እኔ መቼ ተጠየቅሁ?» ሲል ሰምተናል፤ እኛም አብረነው ብለናል። ልክ ነበርን። ያልተጠየቀ ሰው በፈቃድ አልታሰረም።

ታዲያ ይህን ለራሱ የሚያውቅ ሕዝብ ለአክስቴ እንዴት ይረሳዋል?

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ክርክር ይነሣብኛል፤ ባልመልሰው ሐቀኛ አልሆንም። «መስመሩ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው» ይለኛል አንድ መሐንዲስ ወዳጄ። «ከሥሩ ስንት ማሳ እንዳለ ታውቃለህ? እያንዳንዱ ባለ ማሳ ‹አልፈቅድም› የማለት ሥልጣን ይኑረው ካልክ አንድም ምሰሶ አይተከልም። የአንድ ሰው እምቢታ የሚሊዮኖችን ብርሃን ያጠፋል። አዋላጅዋ በጨለማ ታዋልዳለች፤ ተማሪው በኩራዝ ያጠናል፤ ለመድኃኒት መግዣ የሚሆነው የውጭ ምንዛሪም ይቀራል።» እውነት አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ራሱ ባለመሬት ካሳ እየተከፈለው የውሃና የኤሌክትሪክ መስመር በመሬቱ ላይ እንዲያልፍ ሊፈቅድ ይገባል ብሎ ነበር። መንገድ መስጠት የጥንት ወግ ነው። የራሱን ማሳ ብቻ አይቶ የጎረቤቱን ጨለማ የማያይ ሰውም ደግ አይባልም። እምቢታ ሁሉ ጀግንነት አይደለም።

እንግዲህ አንዱ ጫፍ ለባለ ማሳው ሁሉን የማቆም ሥልጣን ይሰጣል፤ ሌላው ጫፍ አውራ ጣቱን ብቻ ይወስዳል። መካከለኛው መንገድ የት ነው? ብዙ ካወጣሁ ካወረድኩ በኋላ መልሱን ሩቅ ሳልሄድ አገኘሁት። እኛው ራሳችን ለዓለም ስንናገረው ኖረናል፤ ስለ ዓባይ።

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀመጠ፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የታችኛው ተፋሰስ አገሮች ቅድሚያ ፈቃዳችን ይጠየቅ ሲሉ የኢትዮጵያ መልስ ምን ነበር? ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ ማንም በእኛ ላይ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት የለውም፤ ነገር ግን እናሳውቃችኋለን፣ ጉልህ ጉዳት አናደርስባችሁም፣ ጥቅሙንም እንጋራለን። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በካርቱም ሦስቱ መሪዎች የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም፣ ጉልህ ጉዳት አለማድረስ፣ መረጃ መለዋወጥ።

ይህ አቋም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ከሆነ ግን ለኃያል ጎረቤት ብቻ ትክክል ሊሆን አይችልም። አንድ መርህ እውነተኛ መሆኑ የሚፈተነው ከእኛ በላይ ባለው ላይ ስንጠቀምበት አይደለም፤ ከእኛ በታች ያለው በእኛ ላይ ሲጠቀምበት ነው። ለካይሮ «ሥልጣን የለህም፤ ግን ይነገርሃል፣ አትጎዳም፣ ትጋራለህ» ካልን፣ ለአክስቴም ቢያንስ ያንኑ ማለት አለብን። እርሳቸውም ሁሉን የማቆም ሥልጣን አይኑራቸው፤ ግን አስቀድሞ ይነገራቸው፣ አይጎዱ፣ ይጋሩ። የግብፅ መንግሥት አምባሳደርና የሕግ ባለሙያ አለው፤ ድምፁ በጸጥታው ምክር ቤት ይሰማል። አክስቴ ያላቸው አውራ ጣት ነው። ማን የበለጠ ሊነገረው ይገባል?

«ይነገራቸው» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ያስተማሩኝም እርሳቸው ናቸው። ጠዋት ስንሰናበት ማሳውን አዙረው አሳዩኝ። አንደኛው የብረት ምሰሶ የቆመው በአውድማቸው ላይ ነው፤ ገብስ ሲወቁበት በኖሩት፣ ለዓመታት በእበት ተለቅልቆ በጠነከረው መሬት ላይ። ከዚያ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ማረሻ የማይነካው ድንጋያማ ጉብታ አለ። «እዚያ ላይ ቢያቆሙት ለእነርሱም መሠረቱ ይጠነክር ነበር፤ ለእኔም አውድማዬ ይተርፍ ነበር» አሉ። «ለምን አልነገሯቸውም?» ስላቸው፣ «የጠየቁኝ መች እሱን ሆነና! የጠየቁኝ ጣቴን ነው።»

ያንን ለመሐንዲሱ ወዳጄ ነገርኩት። ቅየሳው ሲካሄድ ምሰሶን ጥቂት እርምጃ ማዘዋወር ብዙ ጊዜ ቀላል መሆኑን አልካደም፤ መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ግን አይሞከርም። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ገባኝ። ሰውን የምንጠይቀው እሺ ወይም እምቢ እንዲለን ብቻ አይደለም። እኛ የማናውቀውን እርሱ ስለሚያውቅ ነው። እሺና እምቢ ብቻ እንዲል የተፈቀደለት ሰው ግማሹ ተቆርጦበታል፤ እሺ ብቻ እንዲል የተፈቀደለት ግን ጭራሽ አልተጠየቀም።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ወደ ባለጸጎቹ ይመልከት። በአሜሪካ ድንበር የሚሻገር የነዳጅ ቧንቧ ለመዘርጋት የፕሬዚዳንቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከካናዳ ድፍድፍ ነዳጅ እንዲያመጣ የታሰበው ኪስቶን ኤክስ ኤል የተባለው ቧንቧ እ.ኤ.አ. በ2015 በኦባማ ተከለከለ፤ በ2017 በትራምፕ ተፈቀደ፤ በጥር 2021 በባይደን ፈቃዱ ተሰረዘ። የነብራስካ ገበሬዎችና የአገሬው ነባር ሕዝቦች በዚያ ሁሉ ዓመት ይከራከሩ ነበር። ይህን መገለባበጥ ለማስቀረት በምክር ቤታቸው የቀረቡ ረቂቅ ሕጎች ነበሩ፤ ፈቃዱ ከፕሬዚዳንቱ ወጥቶ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እንዲሰጥ፣ የሕዝብን ጥቅም የሚጻረር ሆኖ ካልተገኘ በስተቀርም በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲፈቀድ የሚሉ። የታችኛው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 አንዱን አሳልፎት ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። የኩባንያው ሰው መልስ በጊዜ ማግኘት አለብኝ ማለቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያች «ካልተገኘ በስተቀር» በምትለው ሐረግ የማስረዳት ሸክም ከአሳላፊው ትከሻ ወርዶ በሚታለፍበት ትከሻ ላይ ይቀመጣል። መስመሩን የሚዘረጋው ሊቅም ገንዘብም አለው፤ የሚታለፍበት የለውም። ሸክም የሚገባው ለጠንካራ ትከሻ ነው። ከዚያ ታሪክ የምወስደው ሌላው ትምህርት፣ ከላይ ብቻ የተሰጠ ፈቃድ ከላይ ያለው ሰው ሲለወጥ አብሮ መለወጡን ነው። ሥር ያለው ፈቃድ ከታች የተተከለው ብቻ ነው።

የሕግ ሰው አይደለሁም። ሆኖም ድንበር ስለሚሻገር ኃይል ሕግ የሚያረቅቅ ሰው ይህን ቢያነብ ሦስት ነገር እለምነዋለሁ።

አንደኛ፣ የምክክሩን ሰዓት ሕጉ ይወስንልን። ካርታው ገና በእርሳስ ሳለ፣ ውሉ ሳይጸድቅ፣ ነዋሪው በሚገባው ቋንቋ ይጠየቅ፤ በአፋርኛም፣ በሶማልኛም፣ በቦረና ኦሮምኛም፣ በአማርኛም። ከውጫሌ በኋላ ስለ ቋንቋ ሌላ አስተማሪ አያስፈልገንም። ለተሰጠውም አስተያየት ምክንያት ያለው መልስ ይመለስ። «አውድማዬን ተዉልኝ» ላለ ሰው «አይቻልም፣ ምክንያቱም ይህ ነው» መባል አለበት። ምክንያት መስጠት ራሱ ግማሽ አክብሮት ነው።

ሁለተኛ፣ ብርሃን በላዩ ላይ አልፎ እርሱ በጨለማ የሚቀር መንደር አይኑር። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በኤሌክትሪክ እንዳይደገም። ከከፍተኛ መስመር በቀጥታ ለአንድ ጎጆ ኃይል መቅዳት እንደማይቻል፣ ማከፋፈያ ጣቢያና ትራንስፎርመር እንደሚያስፈልግ፣ ያም ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው መብራት ባላገኘበት አገር ለሁሉ ባንድ ቀን ይድረስ ማለትም ሞኝነት ነው። ነገር ግን ከሽያጩ ገቢ ጥቂቷ እጅ ሸክሙን ለያዙት መንደሮች መብራት እንድትውል በሕግ መወሰን ይቻላል። በመሬቱ ማንጎ ወይም ባሕር ዛፍ መትከል ለዘላለም የተከለከለ ሰው፣ አንድ ጊዜ በተከፈለ ካሳ ብቻ ሒሳቡ አይዘጋም፤ መስመሩ በየዓመቱ ያተርፋልና።

ሦስተኛ፣ ፈቃድ አንድ ቀን ታትሞ የሚቀመጥ ወረቀት አይሁን። መስመር ሃምሳ ዓመት ይቆማል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሽቦ ቢረግብ፣ ምሰሶ ቢያዘምም፣ ማሳ ቢጎዳ ባለ ማሳው አቤት የሚልበት ቅርብ ደጅ ይኑረው። ውሉን ለመፈራረም ሰው እስከ ናይሮቢና ጅቡቲ ድረስ ከሄደ፣ አቤቱታ ለመስማት እስከ ወረዳ ድረስ መምጣት አያቅተውም።

ይህ ሁሉ ሥራውን ያዘገየዋል ይባል ይሆናል። በወራት ያዘገየው ይሆናል። ግን አንድ የአገራችን ልማድ ልጥቀስ። ሰው የማያውቀው ደጅ ሲደርስ ዘሎ አይገባም። ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ደጆች!» የሚል እስኪሰማ ይጠብቃል። እውነቱን ለመናገር በደጋው አገር እንግዳን የሚመልስ ቤት እምብዛም አይገኝም። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ግባ ይባላል። ታዲያ መልሱ የሚታወቅ ከሆነ ለምን ይጠበቃል? ምክንያቱም እንግዳንና ወራሪን የሚለየው ያች ጥበቃ ናት። ሁለቱም ይገባሉ፤ አንዱ ግን ቤቱ የሰው መሆኑን አውቆ ገባ።

ባለፈው ፋሲካ እቴቴን ለመጠየቅ ስሄድ ጥያቄያቸውን እንዳልረሳሁ ነገርኳቸውና ይህንኑ ምሳሌ አጫወትኳቸው። «የጠየቁዎት የሰው ደጅ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው፤ ጥፋታቸው ‹ደጆች!› እስኪሉ ድረስ አለመጠበቃቸው ነው» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ውጭ ነፋስ ስለነበር ሽቦው ያፏጭ ነበር። ቤቱ ውስጥ ያች ትንሽ የፀሐይ ፋኖስ በርታለች።

«እንግዲያው ቢጠብቁ ኖሮ፣ ‹ግቡ› እላቸው ነበር» አሉኝ። «አውድማውን ብቻ ተዉልኝ ብዬ።»